ስልኮቹ ቅዳሜ ወደ ደባርቅ ይወርዳሉ

ከጎንደር የወጣሁት ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን፣ ሐሙስ ማለዳ ነበር። የጉዞዬ ምክንያት አንዲት ሴት ናት። ወይዘሮ ወርቄ ትባላለች። ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ካለች መንደር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ለባሏ ታላቅ ወንድም ለአቶ አዱኛ «ድንበሩን ካለቀቅህ አትኖራትም» የሚል የስልክ መልእክት ልካለች ተብላ በዛቻ ተከሳለች። ጠበቃዋ እኔ ነኝ። ቀጠሮው ለሰኞ ነው። ከተፈረደባት ትታሰራለች፤ ሁለት ትንንሽ ልጆቿን የሚያሳድርላት፣ ገብሷንም ከአውድማ የሚያስገባላት ሰው የለም።

እኔም እናት ነኝ። ልጆቼን ለእኅቴ አደራ ሰጥቼ፣ ዳዊቴንና የክሱን ቅጂ በአንድ ቦርሳ ይዤ ተሳፈርኩ። ወርቄ ለፖሊስ የሰጠችው ቃል አጭር ነው። «ስልኩም የኔ ነው፣ ቁጥሩም የኔ ነው፤ መልእክቱን ግን እኔ አልላክሁም።» ጎንደር መጥታ ያነጋገረችኝ ዕለትም ከዚህ ሌላ አልጨመረችም። እውነቱን የተናገረች ሴት በእውነቷ እንዳትታሰር፣ ያላለችውን ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

እስከ ዳባት

መንገዱ አስፋልት ከሆነ ወዲህ የደባርቅ ጉዞ ቀሏል። ኮሶዬ ላይ ጉሙ ገደሉን ሞልቶ እንደ ነጭ ባሕር ተኝቶ ነበር። ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ የወገራ ሜዳ ተዘረጋ። ገብሱ ታጭዷል፤ በየአውድማው በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ከመስኮቱ ይታያል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። ስልኳ ጮኸ። ጥቂት አዳምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«መኪና ደርሶሻል ይለኛል። የሞባይል ካርድ ገዝተሽ ቁጥሩን አንብቢልኝና ስምሽን እመዘግባለሁ ነው የሚለው።»

«ሎተሪ ቆርጠሽ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ያልቆረጡት ዕጣ አይወጣም። የካርድ ቁጥርም፣ የመታወቂያ ቁጥርም፣ ስልክሽ ላይ የሚመጣ ቁጥርም ለማታውቂው ሰው አይነበብም። ዝጊው።»

አልዘጋችውም። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ «ወንድሜ፣ መኪናውን ዳባት መናኸሪያ አምጣልኝ፤ ሽንኩርቴ ከብዶኛል» አለችው። ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። የዘጋው እሱ ነው።

ዳባት ላይ ሾፌሩ ሊበላ ወረደ። ሴቶች የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይሸጣሉ። ጿሚ ስለሆንኩ ለኋላ የሚሆነኝን የአምስት ብር ቆሎ ብቻ ገዝቼ ፀሐይ ላይ ቆምኩ።

ደባርቅ

ደባርቅ ስደርስ ብርዱ ጉልበቴ ውስጥ ገባ። አልጋ ይዤ፣ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድኩና መዝገቡን አየሁት። የመልእክቱ ቃል በእጅ ተገልብጧል፤ ቀኑም ቅዳሜ ተብሎ ተጽፏል። ሰዓቱ ግን የለም።

«ስንት ሰዓት እንደገባ አልተጻፈም?» አልኩት መዝገብ ቤት ያለውን ሠራተኛ።

«ዛቻ በሰዓት ይለያያል እንዴ እመቤቴ?» አለኝ፤ የምሩን ነው።

አቶ አዱኛ ስልካቸውን ይዘው እንዲቀርቡና መልእክቱ ከነሰዓቱ እንዲታይ ማመልከቻ አስገባሁ። ሰው ክፉ መልእክት ሲደርሰው ደንግጦ ያጠፋዋል። ይህን አታድርጉ እላለሁ ሁልጊዜ። ያልጠፋ መልእክት ለላከውም ለተላከለትም ይመሰክራል። አቶ አዱኛ አላጠፉትም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ወደ ወርቄ መንደር

ዓርብ ጠዋት ወደ ጃናሞራ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ከጎኔ ወደ ሳንቃ በር የሚመለስ የብሔራዊ ፓርኩ ጥበቃ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሐል ይዞ ያንቀላፋል። ከዳገቱ በላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋቸውን ይዘው ሣር ይነቅላሉ፤ መኪናው ሲያልፍ ቀና አላሉም። እንደ ዓምድ ቀጥ ብሎ የቆመ የጅብራ ተክል አልፈን፣ አንድ ጠመዝማዛ ላይ ወረድኩ። ከዚያ በእግር ነው።

ወርቄን ያገኘኋት አውድማ ላይ ነው። መንሹን ጥላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እስከዚህ ድረስ ለፉ?» አለችኝ።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረበችልኝ። ልጆቿ ቂጣውን ሳይሆን ጫማዬን ያያሉ። ቤቷ በጭራሮ የተደገፈ ነው፤ መብራት የለም፤ ኔትወርክም የሚገኘው ጉብታው ላይ ወጥተው ነው።

«በዚያ ቅዳሜ የት ነበርሽ?» አልኳት።

«አውድማ ላይ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ጉብታው ላይ አልወጣሽም?»

«ለምን ብዬ?»

«ስልክሽስ የት ነበር?»

«የኔ ነው አልኩ እኮ» አለችና ቂጣ ጨመረችልኝ።

ፀሐይዋ ስትዘቀዝቅ በቅሎ የሚስቡ አንድ ሽማግሌ በር ላይ ቆሙ። አያ ደርሶ ይባላሉ። ቱሪስት ሲመጣ በቅሏቸውን ያከራያሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወርዳሉ። ሴቶች ከየቤቱ ስልካቸውን ይዘው ወጡ። እያንዳንዱ ስልክ ክር ታስሮበታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ የጥልፍ ክር። አያ ደርሶ ተቀብለው በጨርቅ ከረጢት ይከታሉ።

ነገሩ ገረመኝና ቀርቤ ጠየቅኋቸው።

«ባትሪ ልናስሞላ ነዋ» አሉኝ። «እዚህ መብራት የት አለ? ዓርብ እሰበስባለሁ፣ ቅዳሜ ደባርቅ ሱቅ አስገባለሁ፣ ማታ ለየባለቤቱ እመልሳለሁ።»

«ጀርባው ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ምንድን ነው?»

«የመክፈቻ ቁጥሩ። ባለሱቁ ከፍቶ መሙላቱን እንዲያይ ጻፉበት ብሏቸው ነው።»

ወርቄ ወጥታ ቢጫ ክር የታሰረበትን ስልኳን ሰጠቻቸው። ፕላስተሩም አለበት፤ ሲሙም ውስጡ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ በዚያ ቅዳሜ ስልኳ ከእሷ ጋር አልነበረም። እንደገባኝ እሷም አየች።

ወደ ቤት ስንመለስ «ስለሳቸው እንዳይጠይቁኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አበልጄ ናቸው። ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ስልኬ ከሳቸው ጋር ነበር ያልኩ ዕለት፣ ሰው ‹ደርሶ ነው የላከው› ይላል። እኔ ነጻ ወጥቼ አበልጄን ወኅኒ ላስገባ?»

«እሳቸው ላኩት አልልም። ግን ካልፈቀድሽልኝ ሰኞ የምለው የለኝም።»

«እመቤታችን አለች» ብላ ቀድማኝ ወደ ቤት ገባች።

ደንበኛ ያልፈቀደውን ጠበቃ አይናገርም። ጠዋት ግን ከስልኮቹ ጋር አብሬ እንደምወርድ ነገርኳት። ማየትን አልከለከለችኝም።

ከስልኮቹ ጋር

ቅዳሜ በበቅሎዋ ኋላ እየተራመድኩ ወረድኩ። አያ ደርሶ ያወጉኛል፤ ስለ ዋሊያ፣ ስለ ውርጭ፣ በቅሏቸው ከፈረንጅ ይልቅ ሀበሻ ሲጫናት ስለ መለገሟ። «ፈረንጅ ሲወርድ ያመሰግናታል፤ እኛ እንመታታለን። ታውቃለች» አሉኝ። ስለ ክሱ አንድም ቃል አላነሣሁም።

ሱቁ ከገበያው ዳር ነው። ግድግዳው ላይ በተቸነከረ ጣውላ ስልኮች ተደርድረው ከገመድ ጋር ተያይዘዋል። የየመንደሩ ክር በየዓይነቱ ነው። አንድ ስልክ ለማስሞላት ሦስት ብር ነው። አያ ደርሶ ከረጢቱን አስረክበው ጨው ሊገዙ ሄዱ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። እኔ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ብዙም አልቆየሁም። የራሱን ስልክ የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ እጁን ዘርግቶ ሰማያዊ ክር ያለውን ስልክ አነሳ፤ ገልብጦ ቁጥሩን አየ፤ ከፈተው፤ ስለ አንዲት ጊደር ዋጋ ጮክ ብሎ አወራና መለሰው።

«የማን ስልክ ነው?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። አንዴ ብቻ ነው፣ የኔ ሞቶብኝ።»

ባለሱቁ የተበላሸ ስልክ እየፈታ ነው፤ ቀና አላለም። ከኋላዬ ግን አያ ደርሶ ቆመው ነበር። የጨው ጥቅልላቸውን እንደያዙ ጣውላውን፣ ሰውየውን፣ ሰማያዊውን ክር ተራ በተራ አዩ።

«እሜቴ» አሉኝ ዝግ ብለው፤ «የወርቄ መልእክት የገባው በምን ቀን ነው?»

«ቅዳሜ።»

ደጃፉ ላይ ባለው ማዳበሪያ ላይ ቁጭ አሉ።

«የድንበሩን ጠብ ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«ገበያው ሁሉ። የሚቀልድም አለ፣ ነገር የሚያባብስም አለ።» ጥቅልላቸውን መሬት አስቀምጠው «እሷ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ስለ እርስዎ እንዳልጠይቃት ነው የለመነችኝ።»

ፊታቸውን አዞሩ። ተነሥተው ስልኮቹን አንድ በአንድ ከገመዱ ነቀሉ፤ ሳይሞሉ ሰብስበው ከረጢቱ ውስጥ ከተቷቸው። ባለሱቁ «ምን ሆኑ?» አለ።

«ሰኞ ፍርድ ቤት ትመጣለህ። እኔም እመጣለሁ» አሉት። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ «ከእንግዲህ ስልኩን የሚሰጠኝ ይኖራል ብለው ነው?» አሉኝ።

እሑድ

ወርቄና ጎረቤቶቿ ለቀጠሮው ከዋዜማው ወረዱ። ባትሪ ስላልተሞላ ስልኮቻቸው ሁሉ ዘግተዋል። አያ ደርሶ ራሳቸው ሊመሰክሩ እንደወሰኑ ስነግራት፣ ወርቄ «እሳቸው ካሉ እሺ» አለችኝ። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቄስ የመጣሁበትን ሰምተው፣ «ለእነዚህ ስለ ስልክ ትንሽ ይንገሩልን፤ በየሳምንቱ ለእርቅ የሚመጣብኝ ነገር ከዚያ ነው» አሉኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጥድ ሥር ቆሜ የማውቀውን ነገርኳቸው። ስልክ ለማስሞላት ስትሰጡ ሲሙን አውጡ። ቁጥሩን ጀርባው ላይ አትጻፉ፤ ባለሱቁ መብራቱን አይቶ መሙላቱን ያውቃል። በመታወቂያችሁ ለሌላ ሰው ሲም አታውጡ፤ ያ ሰው የሚናገረው በእናንተ ስም ነው።

«የገዛ ወንድሜስ ቢሆን?» አለች አንዷ።

«ወንድምሽ መታወቂያ የለውም?»

«አለው፤ ግን ሰነፍ ነው።»

«እንግዲያ ለስንፍናው አንቺ አትከሰሺ።»

አንዲት አሮጊት ደግሞ «ሲሙን ካወጣነው እኮ ስልኩ በድን ነው» አሉ።

«አዎ እማማ፤ በድኑን ይላኩ፤ ነፍሱን ግን ቤት ያስቀሩ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ሳቃቸውን ደበቁ። አያ ደርሶ ከኋላ፣ ከግንቡ ጋር ተጠግተው ቆመው ነበር። ማንም አላናገራቸውም።

ሰኞ

የአቶ አዱኛ ስልክ ችሎት ፊት ተከፈተ። መልእክቱ የገባው ቅዳሜ ቀትር ላይ ነው። አያ ደርሶ ማሉና ያወቁትን ተናገሩ፤ ስልኩን ከእጇ ዓርብ መቀበላቸውን፣ ሱቅ ጥለው ገበያ መግባታቸውን። «አልጠበቅሁትም» አሉ። «አደራ ነበር፤ አልጠበቅሁትም።» ባለሱቁም ሰው እያነሣ እንደሚደውል አልካደም። ጎረቤቶቿ በዚያ ቅዳሜ አውድማ ላይ እንደነበረች መሰከሩ። ከቀትር በኋላ ዳኛው ወርቄን በነጻ አሰናበቷት። መልእክቱን የላከው ሰው ግን አልታወቀም።

ወርቄ መሬቱን ሳመች። እኔም በልቤ ተመስገን አልኩ።

ደጅ ላይ አቶ አዱኛ ጠበቋት። «ከአንቺ መስሎኝ ነው። ስንት ሌሊት በሩን በአጣና ስደግፍ አደርኩ» አሏት።

«ልናገር ብፈልግ ቤትዎ መጥቼ አልናገርም?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። መቼ ፈርተሽኝ ታውቂያለሽ።» ድንበሩን ሽማግሌ ይየው ተባባሉ።

አያ ደርሶ በቅሏቸውን ፈተው ብቻቸውን ሊሄዱ ነበር። ወርቄ ጠራቻቸው። የስልኳን ጀርባ ከፈተች፤ ሲሙን አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ፕላስተሩን ላጠችው። ከዚያም ስልኩን ዘረጋችላቸው። አያ ደርሶ አልተቀበሏትም።

«ይያዙ እንጂ አበልጄ፤ እጄ ዛለ» አለች።

ጎረቤቶቿ እያዩ ነው። አያ ደርሶ ከረጢቱን ከፈቱ። ከዚያ ሌላዋም የስልኳን ጀርባ መፍታት ጀመረች፤ ሌላዋም። ጥርሷን ተጠቅማ የከፈተች አለች። አያ ደርሶ ሱቁ ድረስ ሄደው ከጣውላው ፊት ወንበር ያዙ። ጨው የሚገዛላቸው ሰው ላኩ።

መመለሻ

ማክሰኞ ወደ ጎንደር ተመለስኩ። ልጆቼ ደኅና ናቸው፤ እኅቴም ቤቱን ከእኔ የተሻለ አስተካክላ ጠበቀችኝ። ብዙ ዓመት ሰውን ስመክር «ስልክህን ለማንም አትስጥ» እል ነበር። መብራት ለሌለው መንደር ይህ ምክር አይሆንም። አሁን ስመክር ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚቀር ነው የምናገረው፤ የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነም አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ወርቄ ከጉብታው ደወለችልኝ። ነፋሱ ድምፅዋን ይወስደዋል።

«ገብሱ ገባ» አለችኝ።

«ተመስገን። ልጆቹስ?»

«ደኅና ናቸው። በሉ ልዝጋው፤ ሲሙን ላውጣ። አበልጄ በቅሎዋን ይዘው ቆመዋል።»