ጎተራው ውስጥ ያስቀመጥኩት የመስታወት ሳህን

ይህ የሆነው ቦሌ ቡልቡላ ላይ ኮንዶሚኒየም እንደ አሸን በሚፈላበት ሰሞን ነው። ዓመታት ቢያልፉም አጎቴን ባየሁ ቁጥር ያን ዕለት ከአፌ የወጣው ቃል ያሳፍረኛል።

ያኔ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ጥናቴ ከካርቦን ውህዶች የሚሠሩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሪስታሎችን መስታወት ላይ በመስመር በመስመር ማሳደግ ነበር። እንዲህ ሲሰለፉ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋሉ፤ እንደ ወረቀት ለሚታጠፍ ስክሪን ያገለግላሉ ይባላል። ችግሩ፣ ክሪስታሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ቀስ ብሎ እስኪደርቅ የመስታወት ሳህኑ መነቃነቅ የለበትም። ከላቦራቶሪያችን አጠገብ ደግሞ ፎቅ ይሠራል። መሬቱን የሚደበድበው ማሽን ሁለት ጊዜ ሥራዬን አበላሸብኝ። የተከራየሁት ቤትም ወሎ ሰፈር፣ ጋራዥ ጎን ነበር።

ሦስተኛውን ሳህን ቡልቡላ፣ የእናቴ ወንድም ጋሽ ደቻሳ ዘንድ ወሰድኩት። ከእርሻቸው የቀራቸው ግቢው ብቻ ነበር። ጎተራው ባዶ ነው።

"ጋሼ፣ ለአስር ቀን ማንም እንዳይነካብኝ" አልኳቸው።

"እህል ከሌለበት ማን ይገባበታል? አንቺ ብቻ ትምህርትሽን ጨርሺ" አሉኝ። ዶሮዎቹን ሳይቀር ከዚያ አራቁልኝ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ደወሉልኝ። "ቤቱን ሊያፈርሱ መጥተዋል" አሉ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። የካሳው ነገር ገና አላለቀም ነበር፤ በዚያ ቀን ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ የለም። ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ስደርስ ዶዘሩ የቤቱን ግማሽ ንዶታል። ጎተራው የለም። ጋሽ ደቻሳ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቶች ከአቧራው ውስጥ ፍራሽና ድስት ይለቅማሉ።

አጠገባቸው እንደደረስኩ "ሳህኑስ?" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የባሕር ዛፉን ሥር በእጃቸው አሳዩኝ። ዙሪያውን በጋቢያቸው ከልለው አስቀምጠውታል።

የሆነውን የነገሩኝ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ዕቃችሁን አውጡ ሲባል ጋሽ ደቻሳ መጀመሪያ የገቡት ጎተራው ነው። ሳህኑ እንዳይነቃነቅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሲወጡ ጊዜው ሄደ። የሟች ሚስታቸው ሳጥን ከነልብሷ፣ ከነፎቶዋ ቤት ውስጥ ቀረ። ተመልሰው ሊገቡ ሲሉ ከለከሏቸው።

ክዳኑን ከፍቼ መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ክሪስታሎቹ እንደተበተነ ጭድ ተዘበራርቀዋል።

"ደህና ነው?" አሉኝ።

"ደህና ነው፣ ጋሼ።"

"እሰይ። አጋደልኩት ብዬ ነበር የፈራሁት።"

አማካሪዬ "ድገሚው" አለኝ። በሦስት ሳምንት ደግሜው ተመረቅኩ። ዛሬ ሲኤምሲ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ስለዚያ ክሪስታል የጠየቀኝ ቀጣሪ የለም። ጋሽ ደቻሳ ከልጃቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የሳጥኑን ነገር አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ቤቱን ያፈረሱትን እስከ ዛሬ በልቤ እረግማለሁ። እነሱ ግን የመጡት የማያውቁት ሰው ቤት ነው። እኔ የጋሽ ደቻሳ የእህት ልጅ ነኝ፤ መጀመሪያ የጠየቅኩት ግን ሳህኑን ነው።