ውድድሩን ሐሙስ ማታ የምዘጋባችሁ እኔ ነኝ

ዛሬ ጠዋት አንድ መልእክት አንብቤ፣ ዱባይ ዲራ በጋራ በተከራየነው ክፍል፣ ቤድ ስፔሴ ውስጥ አልጋዬ ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

ትናንት የሳምንታዊው የጽሑፍ ውድድር ግሩፓችን ላይ ስቆጣ አይታችኋል። «ላይክ ለማድረግ ሁሉም አለ፣ ጻፉ ሲባል ግን ሁሉም ይጠፋል!» ብዬ ነበር። አዎ፣ «ሰነፎች»ም ብያለሁ።

መልእክቱን የላከችልኝ ሻርጃ ሰው ቤት የምትሠራ አባላችን ናት።

«እህቴ፣ ቁጣሽን አሁን አየሁት። ማዳም ስልኬን የምትሰጠኝ ጁምዓ ብቻ ነው። በኮሮና ምክንያት መውጣት ስለቀረ፣ እረፍቴ እሱው ስልክ ነው። ስከፍተው ግን ውድድሩ ሁሌ ኸላስ፣ ተዘግቷል። ዋላሂ ስንፍና አይደለም።»

ለምን ሐሙስ ማታ እንደምዘጋው ታውቃላችሁ? አርብ የእኔም እረፍት ስለሆነ፣ ተጋድሜ ለማንበብ እንዲመቸኝ ነው።

(ዳኛዋ እንድትጋደም ጸሐፊዎቹ ውጭ ቀሩ።)

ከመልእክቱ ሥር ጽሑፏንም ልካልኛለች። ማዳም ቫይረሱን ፈርታ ቲማቲሙን አንድ በአንድ በሳሙና ስለምታሳጥባት ነው የጻፈችው። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅኩ፤ ከዚያ አፈርኩ። ስንቱን እንዲህ ያለ ጽሑፍ በር ዘግቼበት ይሆን?

ከእንግዲህ ውድድሩ የሚዘጋው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የትናንቱን ስድቤን አጥፍቼዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።

እናንተስ ለመጻፍ አስባችሁ ምን አስቀራችሁ? ኮሜንት ላይ ንገሩኝ። ዛሬ ስልክ ያልተሰጣችሁ በሚቀጥለው ጁምዓ መልሱልኝ፤ እጠብቃችኋለሁ።