ቅዳሜ ገበያ የማትወጣው ሸክላ ሠሪ

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ ሶዶ

ጎህ ሳይቀድ ከቄራ ተነሣን። ሹፌሩ ጋሽ ዘርፉ የሰፈሬ ሰው ነው፤ በኤንትሬ የጭነት መኪናው ጨውና ሳሙና ወደ ጂንካ ያወርዳል፣ ቆዳ ጭኖ ይመለሳል። እኔ ጋቢና ውስጥ የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን ደረቴ ላይ ሸጉጬ ተቀምጫለሁ።

ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ እኔ ጭቃ እሰበስባለሁ። ጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ የሚሠሯቸው ትናንሽ አሻንጉሊቶች መደርደሪያዬን ሞልተውታል፤ ኦሪት ያቀፈ ቄስ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ልጅ ያዘለች እናት። ባሌ «ቤታችን ወለቃ ሆነ» እያለ ያሾፍብኛል።

የዚህ ጉዞ መነሻም አንድ የሸክላ ቄስ ነው። ጋሽ ዘርፉ ከአልዱባ ገበያ ገዝቶ መስታወቱ ሥር አቁሞታል። ጥላ የያዘ የቤተ እስራኤል ቄስ፣ ያውም በደቡብ ኦሞ! የጥላው ዘርፍ በአውራ ጣት ጥፍር ተጫን ተጫን ተደርጎ ነው የወጣው። እንዲህ አድርገው የሚሠሩ አንዲት ሴት ብቻ አውቃለሁ። እማማ ይታይሽ ይባላሉ፤ ወደ እስራኤል ለመሄድ ከወለቃ መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ተራ የሚጠብቁ አሮጊት ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ቄሱን ወስጄ አሳየኋቸው። ደጋግመው አገላበጡት።

«ይህን እጅ ያስተማርኩት ሁለት ልጆቼን ነው» አሉኝ። «አንዷ ቀድማ ኢየሩሳሌም ገብታለች። ብርቄ ሞታለች።»

ቄሱን መለሱልኝ። የሞተ ሰው ገበያ ወጥቶ አይሸጥም። ስለዚህ ተሳፈርኩ።

ዓርብ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ

ቁርሳችን አርባ ምንጭ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ነው፤ ሙዙ ርካሽ ስለሆነ ሻጯ ምራቂውን ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። ኮንሶ መግቢያ ኬላው ላይ ወታደሩ ቄሱን አነሣው።

«ጓድ ሹፌር፣ ይሄ ጣዖት ነው?»

«ቄስ ነው።»

«ቄስ መኪና ላይ ምን ይሠራል?»

«ፍሬን ይጠብቃል» አለ ጋሽ ዘርፉ። ወታደሩ ስቆ ገመዱን አላላው።

ኮንሶ አደርን። እርከኑ ከተራራው ጫፍ እስከ ሥሩ በድንጋይ ተደርድሯል። የዚህን አገር ሰው ትዕግሥት ሳይ የኔ መደርደሪያ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ፣ ጂንካ

ከወይጦ ቆላ ሙቀት ወጥቶ ጂንካ መግባት ያረፈ ያህል ነው። በከተማው መሐል የሣር አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ አውሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል። ገበያው ሞልቷል፤ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ጎደሬ፣ ማር። ቄሱን ይዤ የሸክላ ሻጮቹን ተራ አዳረስኩ። አንዲት የአሪ ሴት አይታው ሳቀች።

«ይሄ ጎንደሬዋ ነው። እሷ ቅዳሜ አይመጣም» አለችኝ። «ዋና ገበያ ቅዳሜ ነው፤ እሷ ቤት ይቀመጣል። ማክሰኞ እቃ ይዞ አልዱባ ድረስ ይሄዳል። እኛ ሞኝ ነው እንላለን።»

የቅዳሜን ገበያ ትቶ ቤቱ የሚውል ሸክላ ሠሪ የየት ወገን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያሻም።

ቤቷን ከሣሩ ማረፊያ ማዶ አገኘሁት። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ሴት ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ምድጃው አመድ ብቻ ነው።

«ግቢ እቴ» አለችኝ። «እሳት ግን የለኝም፤ ዛሬ አላነድም። የትናንት ዳቦ አለ።»

ከቆረስኩ በኋላ ቄሱን አወጣሁ። እጇን አልዘረጋችም።

«የኔ ሥራ ነው። በሰንበት ሸክላ አልነካም እንጂ እቀበልሽ ነበር።»

«እማማ ይታይሽን ታውቂያቸዋለሽ?»

ሻሿን አስተካከለች፤ እንደገና አስተካከለች። «እናቴ ናት» አለች በመጨረሻ። «በሕይወት አለች?»

ብርቄ ነበረች። ክርስቲያን አግብታ፣ የወባ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነውን ባሏን ተከትላ ጂንካ ወረደች። ከወገን ውጪ ያገባች እንደ ሞተች ትቆጠራለችና አባቷ ለቅሶ ተቀመጠ።

«ተዝካሬ እንኳ ተበልቷል!» ብላ ሳቀች። ሳቋ አንጀቴን በላው።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ጎረቤቱ ሁሉ ደግ ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነይ ይላታል፣ ሌላው ጸሎት ቤት ነይ ይላታል። እሷ ሰንበቷን ይዛ ቀረች።

«እናትሽ አሉ፤ አዲስ አበባ ሆነው የእስራኤል ተራቸውን ይጠብቃሉ። የሚሄዱበት ቀን አይታወቅም፤ ነገም ሊሆን ይችላል» አልኳት። «አብረን እንሂድ።»

«ሳትጠራኝ?» አለች። «የተቀበረ ሰው ተነሥቶ ደጅ ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል? አልሄድም። ግን አንድ ነገር ታደርሽልኛለሽ።»

ፀሐይ ስትጠልቅ ብድግ ብላ ጭቃዋን አቦካች።

ሰኞ፣ ጂንካ

ትናንት ሦስት አሻንጉሊት አበጀች፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ቁጭ ያለች ሴት፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ፊት ለፊቷ እሳት የሌለበት ሦስት ጉልቻና የተከደነ ድስት። በሰንበት የተቀመጠች ሴት ናት። እንዲህ ያለ ወለቃ ላይ አይቼ አላውቅም። ቱሪስት ሥራ ፈት ሴት አይገዛማ!

ሲሆን ሲሆን ሳምንት ይደርቅ ነበር፤ ጋሽ ዘርፉ ግን ነገ ይመለሳል። ዛሬ ኩበቱን ቆልላ አነደደችው። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ጧ ብሎ ፈነዳ። ሁለተኛውም ተከተለው። ብርቄ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። እኔ የጎንደር ጊዮርጊስን ተሳልኩ፤ ለሷ ሰንበት የኔ ጊዮርጊስ ይግባ አይግባ አላውቅም።

ሦስተኛው ተረፈ። አንድ ጉልቻው ብቻ ተሰንጥቋል።

ማክሰኞ፣ አልዱባ

ገበያው በግራር ጥላ ሥር ነው። ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር የተቀቡ የሐመር ሴቶች የብርቄን አሻንጉሊቶች እያነሡ ይሳሳቃሉ። አንዷ ለአንዱ ቄስ ጨሌ አሰረችለትና መልሳ አስቀመጠችው። ብርቄ ከልቧ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጋሽ ዘርፉ ቆዳውን ጭኖ ሲጨርስ በደረቅ ኮባ የተጠቀለለውን አሻንጉሊት ጭኔ ላይ አኖረችልኝ።

«ምንም አትንገሪያት፤ ስሜን ብቻ። ካልተቀበለችሽ ላንቺ ይሁን።»

እውነቱን ልናገር፤ ለመደርደሪያዬ ከማንኛውም በላይ የተመኘሁት እሱን ነው። ያን ምኞት ሳስበው ራሴን ታዘብኩት።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

መንገዱን ሁሉ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው መጣሁ። በየጉድጓዱ ጋሽ ዘርፉ «ይቅርታ እትዬ» ሲል ለኔ ይሁን ለአሻንጉሊቷ አላውቅም።

ቤቴ ሳልገባ እማማ ይታይሽ ዘንድ ሄድኩ። አሉ! ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰንበት ዳቧቸውን እያወጡ ነበር። ኮባውን ራሳቸው ፈቱት። የተሰነጠቀውን ጉልቻ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ማን ሠራው?»

«ብርቄ።»

ፊታቸውን አዞሩ። «ብርቄ ሞታለች አልኩሽ።»

ዝም በይ ተብያለሁ፤ ዝም ማለት ግን አቃተኝ። «እማማ፣ የጂንካ ዋና ገበያ ቅዳሜ ነው» አልኳቸው። «እሷ ቅዳሜ አትወጣም። አልዱባ ድረስ ሄዳ ማክሰኞ ትሸጣለች። ገበያተኛው ሞኝ ይላታል።»

አሻንጉሊቷን ወደ ብርሃን አስጠግተው አዩ፤ እሳት የሌለበትን ምድጃ፣ የታጠፉትን እጆች።

«ሙት ሰንበት አይጠብቅም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ግቢውን በሚያናጋ ድምፅ የጎረቤቶቻቸውን ስም መጣራት ጀመሩ። «ኑ! ልጄ አለች! ብርቄ አለች!»

ሴቶቹ እየተሯሯጡ ሲሰበሰቡ ክንዴን ያዙኝ።

«ያ መኪና መቼ ነው ተመልሶ የሚወርድ? እናትሽ ጠርታሻለች በያት። እስክትመጣ ስሜ ቢጠራም አልሳፈርም።»