ብረቱ እስኪጨርስ

በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ባለችው የብረት ሥራ ቤታችን ድምፁን ያልሰሙትን ዘንግ አይሸጡም ነበር። ዘንጉን በሲባጎ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ይመቱታል፤ ከዚያ እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ዝም ያሰኛሉ። "ቆይ፣ ይጨርስ" ይላሉ። ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ የሚናገር የለም።

አንድ ቀን ባለጋሪ የጋሪውን ጎማዎች ለሚያያይዘው አክሰል የሚሆን ዘንግ ፈልጎ መጣ። ጭነቱ ገበያ ላይ እየጠበቀው ነበር።

"አቦ አባባ፣ ብረት ልገዛ እንጂ ዘፈን ልሰማ አልመጣሁም!"

"ዘፈኑ ቶሎ ካለቀ ጉዞህም መንገድ ላይ ያልቃል" አሉት።

የዚያ ዘንግ ድምፅ ወዲያው ሞተ። ነጭ ጋዝ ቀቡት፣ ወለወሉት፣ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነሱበት። ጥቂት ቆይቶ በነጩ ላይ ፀጉር የመሰለ እርጥብ መስመር ወጣ፤ ስንጥቅ ነበር። ባለጋሪው ሌላ እስኪመረጥለት ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

እኔ ዛሬ ድምፁን በማይክሮፎን ተቀብዬ ስልኬ ላይ እለካዋለሁ። ራሴን ያስተማርኩት ሥራ ነው፤ ከጆሮ የሚያመልጠውን ትንሽ ስንጥቅም ይይዛል። ከሲባጎው በስተግራ፣ አጎቴ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ግን ካረፉ ወዲህ ባዶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ያው ባለጋሪ መጣ። ዘንጉን እንደመታሁት ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። ባለጋሪው በሩ ላይ ወጥቶ "አቦ ዝም በል፣ ይጨርስ!" ብሎ ጮኸበት። ተመልሶ በአጎቴ ቦታ ላይ ቆመ። እንደገና መታሁት። ብረቱ ረጅም ጊዜ ጮኸ፤ ሁለታችንም ጠበቅን።

ሲጨርስ "ውሰደው" አልኩት።