የአባዬ ቅዳሜዎች በመብራቱ ማማ

ባለፈው ሳምንት ሴንት አልባንስ ሰፈር አንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ስገባ ባለሱቋ የናስ መቅረዝ ስትወለውል አገኘኋት፤ ያ አፍንጫ የሚሰረስር የመወልወያ ሽታ ሲደርሰኝ ልገዛ የመጣሁትን ረስቼ ቆምኩ። ያ የአባዬ የቅዳሜ ሽታ ነው። ለእኔ ደግሞ የጥርጣሬ ሽታ ነበር።

በምንኖርበት ሰፈር በታርኔት አዲሱ ባቡር ጣቢያ የተከፈተ ሰሞን አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባዬ አገር ቤት የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ስደት አገር ግን ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራል፣ በእንግሊዝኛው ስለሚያፍርም ሰው ፊት አፉን አይከፍትም። ይህ ሰው በየቅዳሜው ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ «ኦቨርታይም አለኝ» ብሎ ይወጣል። ካርቶን ለመደርደር ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም። ሲመለስ ጣቶቹ ጠቁረው፣ ኮቱ ባሕርና ያን መወልወያ ይሸታል። ከሁሉ የባሰው ግን መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ከፍቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ በእንግሊዝኛ ማውራቱ ነበር። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ «ፕሊስ፣ ካም ክሎዘር… ዶንት ቢ አፍሬይድ» ሲል ሰማሁት። እማዬ የሌሊት ሺፍት ስለምትሠራ ቅዳሜን ተኝታ ነው የምታሳልፈው፤ ስለዚህ የቤቱ መርማሪ እኔ ነበርኩ። ኪሱን ፈተሽኩ፣ ኮቱን አሸተትኩ፣ በመጨረሻም በሐሳቤ አንዲት ፈረንጅ ሴት ሠርቼ፣ ቀይ ቀሚስ አልብሼ፣ ከልቤ ጠላኋት።

ለእማዬ ብነግራት ቤታችን ይፈርሳል ብዬ ፈራሁና ለእግዚአብሔር ለመንገር ወሰንኩ። ስህተቴም እዚህ ላይ ነው። በየቤቱ የሚዞረው የጸሎት ኅብረታችን ተራ እኛ ቤት በደረሰበት ምሽት መሪያችን ጋሼ ታደሰ እንደ ልማዱ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲል እጄን አወጣሁ። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ለፈተና ወይም ለታመመች ድመት ነበር የሚያስጸልዩት።

«ለአባዬ ጸልዩለት» አልኩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም እያለ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ተደብቆም ከሴት ጋር ያወራል።»

በአማርኛ ስጠየቅ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምመልስ ሴት ልጅ፣ ያን ዕለት አማርኛዬ እንዴት እንደ ቀናልኝ!

እማዬ የያዘችውን መጽሐፍ ቅዱስ ቀስ ብላ ዘጋችው። ጋሼ ታደሰ ጉሮሮውን ጠርጎ «ወንድም ኃይሉ፣ እስቲ አስረዳን» አለው። አባዬ ተነሣና ከጓዳ አንድ ሰማያዊ ደብተር ይዞ መጣ። ዐይኑን ከምንጣፉ ሳያነሣ ተናገረ፤ ባሕሩ ዳር ባለው፣ ድሮ ለመርከቦች በሌሊት መንገድ ያሳይ በነበረው አሮጌ የመብራት ማማ በነፃ ናስ ይወለውላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሊያስጎበኝ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ «ቅረቡ፣ አትፍሩ» እያለ የሚለማመደው ጠመዝማዛው ደረጃ ላይ ለሚደነግጡ ጎብኚዎች ነበር። «ካልሆነልኝ ማንም እንዳያውቅ ብዬ ነው» አለ።

ደብተሩ ውስጥ የማማው ታሪክ በሙሉ ነበር፤ ድንጋዩን እስረኞች እንደ ጠረቡት፣ መብራቱ በዘይት ይነድ እንደ ነበር፣ አንዴ ጠፍቶ መርከብ ዐለት ላይ እንደ ወጣችና ጠባቂው ተኝተሃል ተብሎ እንደ ተባረረ። አባዬ ግን አሮጌ ወረቀቶች አገላብጦ ሰውየው እንዳልተኛ፣ ዘይቱ ውሃ ገብቶበት እንደ ነበር ደርሶበታል። ይህን ለሰው ሊነግር ነበር የሚለማመደው።

ያን ምሽት ተሳቀ፣ ይቅርታ ተባለ፣ ተጸለየ። ወሬው ከሐበሻ ወደ ሐበሻ እየተላለፈ ሜልተን ሰፈር ሲደርስ ግን በውስጡ የተረፈችው ሴትየዋ ብቻ ነበረች፤ የማማው ነገር መንገድ ላይ ወድቋል። አባዬ የዚያን ቅዳሜ አልተላጨም። «ሩቅ ነው፣ ባሱም አይመችም» አለና ዳግመኛ አልሄደም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ ይህን ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ከሱቁ ወጥቼ ወደ ማማው ነዳሁ። ናሱ ደብዝዟል። ወጣቷ አስጎብኚ ጠባቂው እንቅልፍ ጥሎት መብራቱ እንደ ጠፋ ስትናገር ሰዎች ሳቁ፤ ከደብተሩ አንብቤ እንጂ ከአባዬ አፍ ያልሰማሁትን በምን አፌ ላርም?

እሁድ ዕለት ቤቱ ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩና «አባዬ፣ የዚያን የጠባቂውን ታሪክ ንገረኝ» አልኩት። ፊቱ እንደ ድሮ አስተማሪ ፈካ፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ። ከዚያ ያ የጸሎት ምሽት ትዝ እንዳለው ሁሉ ቆም ብሎ አየኝና፣ ሳይቀልድ፣ ጠየቀኝ፦

«ለማን ልትነግሪው ነው?»