ባዩሽና ያልተላለፈው ቋንቋ

ባዩሽን የማውቃት ስቶክሆልም ዳር፣ ኖርስቦሪ በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ሕንጻ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ነው። ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምታሲዝ፣ ሶልና በሚባለው ሰፈር በአንድ ትንሽ ድርጅት ለክሊኒኮች የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፍ ዝምተኛ ሴት ናት። ድምፅዋ ከፍ ሲል የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በፈረንጆቹ 1997 ጸደይ፣ በጋሽ ይገዙ ጉዳይ።

ጋሽ ይገዙ ጎረቤታችን ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ለቀዶ ጥገና ሁለት ጊዜ ተቀጠሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቶልክ፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ አልተጠራም ተብለው ተመለሱ። ሦስተኛው ካለፈ ወረፋው እንደ አዲስ ይጀምራል ተባሉ። ቋንቋቸው አማርኛ መሆኑን ግን ፎርሙ ላይ እኔው ራሴ በትልልቅ ፊደል ሞልቼላቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ስዊድንኛ አልችልም አይሉም እንዴ?» አለቻቸው ባዩሽ።

«የክሊኒኩ ልጅ ስታናግረኝ በነሱው ቋንቋ ‹ያ፣ ያ›፣ አዎ አዎ፣ እላለሁ። ሰው እያናገረኝ እንደ ግንድ ዝም ልበል?»

«ዓይንዎን አውጥተን እንጣለው ቢሉዎትም ‹ያ› ይሉ ነበር!»

«በትሕትና ከጠየቁኝማ!» ብለው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። የክሊኒኩን ፕሮግራም የሠራው የእሷ ድርጅት ነበር።

በማግሥቱ ስህተቱን አገኘችው። እንዳስረዳችኝ፣ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ኦብጀክት፣ ማለትም መረጃውን አንድ ላይ የሚይዝ መዝገብ፣ ይፈጥራል። ሲፈጠር የሚሰጡት ነገሮች፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ቋንቋ፣ አርጉመንት ይባላሉ፤ ተቀብሎ በየቦታቸው የሚያስቀምጣቸው ክፍል ደግሞ ኮንስትራክተር ነው። «የቀዶ ጥገና በሽተኛ» የሚባለው «በሽተኛ» በሚባለው ላይ ተደርቦ የተሠራ ስለሆነ፣ የተሰጠውን መጀመሪያ ለዚያኛው ማስረከብ አለበት። ስሙንና ቀኑን አስረከበ፤ ቋንቋውን እጁ ላይ አስቀረው። ያኛውም ቋንቋው የታለ ብሎ አልጠየቀም፤ በዝምታ «ስዊድንኛ» ብሎ ሞላ።

ያናደዳት ያ ዝምታ ነው። እኔንም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የማያውቁትን አላውቅም ማለት ምን ነውር አለው?

አለቃዋ ሮልፍ፣ «ሰውየው ራሱ ‹ያ› ብሏል። ደግሞ አብዛኛው ሰው ስዊድንኛ ይችላል» አላት።

«አብዛኛው ሰው ዓይኑን አልታመመም!» አለችው።

የቀረውን ማስረከብ ጨመረች። በዝምታ መሙላቱንም አጠፋችው፤ ቋንቋ ካልተሰጠ ኦብጀክቱ አልፈጠርም እንዲል። በሚቀጥለው ጠዋት ፕሮግራሙ አርባ አንድ ሰዎች ላይ ቆመ። በፎርማቸው ላይ የቋንቋው ቦታ ባዶ ነበር፤ የጠየቃቸውም የለም። ክሊኒኩ በስልክ ጮኸ፣ ሮልፍም እየሮጠ መጣ።

«የድሮውን መልሺው!»

ባዩሽ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት። «ና ተቀመጥ። ስዊድንኛ ብለህ በገዛ እጅህ ሙላላቸው፤ አርባ አንዱንም።»

ሮልፍ ቆሞ ስሞቹን አነበበ። አልተቀመጠም። ወደ ክሊኒኩ ደውሎ፣ «አንድ በአንድ ጠይቋቸው» አለ።

በሦስተኛው ቀጠሮ ከጋሽ ይገዙ አጠገብ ቶልክ ቆመላቸው፤ ቀኝ ዓይናቸውም ተሠራ። ሁለት ጊዜ ስላስመለሷቸው ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም። እሳቸው ተዉት ቢሉንም እኛ አልተውነውም። ባዩሽ ለክሊኒኩ የአቤቱታ ደብዳቤ በስዊድንኛ ጻፈች፤ የተመለሱባቸውን ቀኖችና ሰዓቶች አንድም ሳላስቀር የነገርኳት እኔ ነኝ።