ከመታጠፊያው ወዲያ

ትናንት ከእናቴ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን ሳለ ወጣቶች በብስክሌት አለፉ። ጎማው ጠጠሩን ሲያንኮሻኩሸው የልጅነቴ ሰፈር ዓባይ ማዶ ድቅን አለብኝ።

አባቴ እናቴን ብስክሌት ያስተማራት እዚያ፣ በወንዙ ዳር ዛፍ ለዛፍ በሚሄደው ደልዳላ የጠጠር መንገድ ነበር። ሱቃችንን ዘግተን እንሄዳለን። እሱ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል፤ እኔ ከፔዳሉ የሚያዳልጣትን ነጠላ ጫማዋን ይዤ እከተላለሁ። እርጥብ ደንገል ይሸታል። አንድ ቀን አባቴ ሳይነግራት ለቀቃት። ሻርፗ እየተውለበለበ፣ ከት ብላ እየሳቀች፣ ብቻዋን ወደ መታጠፊያው ነጎደች።

እዚያ ሳትደርስ የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ከዛፎቹ መሀል ብቅ አሉ። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ታላቅ ሰው ሰላም አይባልምና እናቴ ወረደች።

«ምነው ወረድሽ ልጄ? ሂጂ እንጂ!» አሏት እየሳቁ።

በሀፍረት ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና ብስክሌቱን ለአባቴ መለሰችለት።

«ይበቃኛል፤ አየሁት» አለች።

ደክሟት መስሎኝ ጫማዋን አቀበልኋት።

ከዚያ ወዲያ አልነዳችም። አባቴ «ነይ እንሞክር» ባላት ቁጥር «ነገ» ትለው ነበር። አሁን እሱ የለም፤ የእሷም ጉልበት ደረጃ እንኳ አያስወጣትም።

ትናንት የብስክሌቶቹ ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«ለመሆኑ ከዚያ መታጠፊያ ወዲያ ምን ነበር?»

«ምንም የለ፣ እማዬ። መንገዱ እዚያው ነው የሚያልቀው» አልኋት።

አያልቅም። ወንዙን ይዞ ይሄዳል።